ያጠፋሁት ጥላ

ሰበታ ውስጥ ሰውን ከወንበሩ ሳላስነሳ ላሊበላ የማደርስ ሴት እኔ ነኝ። ፎቶ ቤቴ ጅማ መንገድ ዳር፣ ከአባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጎን ናት። ደንበኛው ነጩ ግድግዳ ፊት ይቆማል፣ አነሳዋለሁ፣ ከዚያ በኮምፒውተር ከግድግዳው ቆርጬ አወጣውና የፈለገው አገር ላይ አቆመዋለሁ። ጢስ ዓባይ ያለ ጢስ ዓባይ፣ ዱባይ ያለች ዱባይ። አንዷ ደንበኛዬማ ባሏን ኤርታሌ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ እንዳቆምላት ጠይቃ፣ ካቆምኩት በኋላ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችና «ትንሽ ወደ እሳቱ ጠጋ አድርጊልኝ» ብላኛለች።

ሁሉም ደንበኛ አንድ ሰበብ አለው። «ሄጄማ ነበር፣ የዚያን ቀን ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው እንጂ።» እኔም «ያጋጥማል» እላለሁ። ሰው ሲዋሽ አለማፈር የእኔ ሙያ ሆኗል። ስሜ ያኔት ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ምላሴ ግን በአሥር ዓመት እንደሚበልጠኝ እናቴ የሺወርቅ ትናገራለች።

ሞቲ የመጣው ሰኔ ውስጥ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ቀን ነው። ሠላሳ ያልሞላው፣ ፀሐይ ፊቱን ያጠቆረው ሰው። ሰፊ፣ ጠርዙ የተቀደደ የሣር ባርኔጣውን በሩ ላይ አውልቆ አራገፈና ፍላሽ ዘረጋልኝ። ፍላሹ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ፎቶ ከፈትኩት። ወንጪ ነው። ከላይ ከተራራው የተነሳ፣ ሐይቁ ታች ጉድጓዱ ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ የተኛ፣ ፊት ለፊት አራት ፈረንጆች ተቃቅፈው የሚስቁበት።

«እነሱን አውጪልኝና እኔን አስገቢኝ» አለ።

«ሄደህ ታውቃለህ?»

«ሥራዬ ነው።» ፈገግ አለ።

«ታዲያ የዚያን ቀን ስልክህ ምን ሆኖ ነው?»

«ስልኩማ እኔ እጅ ነበር።»

አዲስ ሰበብ ነው ብዬ ሳቅኩ። በማግስቱ ደግሞ በገዛ ዓይኔ ሰበታ መናኸሪያ ውስጥ የተፍኪ ሚኒባስ መሪ ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሰውየው ሥራው ተፍኪ፣ ሕልሙ ወንጪ ነው አልኩና ለራሴ ዘጋሁት።

እሱ ግን አልዘጋውም። በየሳምንቱ መጣ። አንድ ሳምንት ዳሎል፣ አንድ ሳምንት የሰሜን ተራሮች፣ አንድ ሳምንት የሶፍ ዑመር ዋሻ። ፈረንጆቹን አጠፋለሁ፣ እሱን አስገባለሁ። ፎቶዎቹን ያነሳው ማን እንደሆነ ባላውቅም ሰነፍ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ፀሐይን ከጀርባው እያደረገ የራሱን ጥላ ሥዕሉ ግርጌ ላይ ይጥለዋል። ያንንም እያማረርኩ በማውዝ እጠርጋለሁ። ሞቲ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ስክሪኑ ይጠቁራል፤ በዚያ ጥቁር መስታወት ላይ ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። ሁለታችንም ስክሪኑ ቶሎ እንዳይበራ የምንመኝ ይመስለኝ ነበር።

ፎቶውን ሁለት ኮፒ ያሳትምና አንዱን ከኋላው ጽፎበት ለእኔ ይተዋል። ዳሎል ላይ እንዲህ አለ፦ «ያኔት፣ እዚህ አሮጌ ጫማ አድርጊ። ጨዉ ሶሉን ይበላዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላም አትቆዪ።» ጢስ ዓባይ ላይ፦ «ስልክሽን በፌስታል ጠቅልይው፣ ጭጋጉ ሳትደርሺ ይደርስብሻል።» ሶፍ ዑመር ላይ፦ «ሁለት የእጅ ባትሪ ያዢ። መሐል ላይ አጥፊውና ትንሽ ቁሚ። ወንዙ ብቻ ይሰማሻል፣ አትፍሪ።»

ሌላ ሴት ስለ ዓይኗ ይጻፍላታል፣ ለእኔ ስለ ጫማ ሶል ተጻፈልኝ። ያም ሆኖ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሰውን ምስል ከግድግዳ ቆርጦ ማውጣት ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጆሮውን ዞሬዋለሁ፣ ፀጉሩን ዘለላ በዘለላ ለይቻለሁ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ከእናቱ እኩል አውቃታለሁ። የማላምነውን ሰው ወደድኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሥረኛውን ፎቶ ሲወስድ በሩ ላይ ቆመና «መስከረም ሲጠባ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«መጀመሪያ እውነቱን ንገረኝ» ልለው ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው «እንደ ፈቃድህ» ነው። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ ሳላውቅ ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ከሰው አካል ጋር እያቀያየርኩ ሳበላሽ ዋልኩ።

*

የመስከረም የመጀመሪያው እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ደረሱ። ከፊት የቆሙት የሞቲ አጎት፣ የተፍኪው ኦቦ አማኑ ናቸው። አባቴ አቶ ካሳሁን ከጎጃም መጥቶ ሠላሳ ዓመት ሰበታ ላይ የነገደ ሰው ነው፤ ጨርቅ ሲለካ ጣቱን ከሜትሩ ጋር አብሮ እንደማይለካ አገር ያውቅለታል። ውሸት ያንገሸግሸዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አማኑ። ተቀመጡ እንጂ» አላቸው።

«ነጋ ነው፣ ደህና ነን፣ አቶ ካሳሁን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል።»

እኔ ከእናቴ ጋር ጓዳ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አባቴ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ሹፌር ነው አሉ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሹፌርና ደመና ማደሪያው የት ይታወቃል?» አለች። ለእኔ በልቧ ያሰበችው ሰፊ ሱቅ ያለው ሰው ነበር።

ኦቦ አማኑ የአባቴን ዝምታ አልወደዱትም። ከካፖርታቸው ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አልበም አወጡ። «ሹፌር ስንል እንዲሁ ሹፌር አይደለም። ፈረንጅ ይዞ አገር የሚያዞር ነው። ይኸው ምስክሩ» ብለው አባቴ እጅ ላይ አኖሩት።

አባቴ ገጹን ገለጠ። ወንጪ፣ ዳሎል፣ ጢስ ዓባይ። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ። ያንን ፎቶ ስሠራ ሻይ ይዞልኝ መጥቶ ከጀርባዬ ቆሞ አይቶታል።

«ያኔት፣ ነይ እስቲ።»

ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«ይህ ያንቺ እጅ አይደለም?»

«ነው፣ አባባ።»

«ልጁ እዚህ ቦታ ነበር?»

«አላውቅም» ማለት እችል ነበር። እውነቱም እሱ ነበር። ግን ያን ጥያቄ ሦስት ወር ሙሉ ስውጠው ኖሬ ሆዴ ውስጥ መርሯል። «አልነበረም» አልኩ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። እሱ ተፍኪ መስመር ላይ ሚኒባስ ሲነዳ ነው ያየሁት።»

ኦቦ አማኑ አልበሙን ከአባቴ እጅ ተቀበሉ። ጨርቁን ጥግ በጥግ አጥፈው ጠቀለሉት።

«የተሰጠንን ይዘን መጣን። ይቅር በሉን» አሉና ሳይቀመጡ እንደመጡ ወጡ።

አባቴ በሩን እያየ «ደሃም ቢሆን ሹፌርም ቢሆን እሰጠው ነበር» አለ። «ውሸት ግን በአልበም ጠርዞ የሚልክ ሰው...» አልጨረሰውም። እናቴ ትከሻዬን ዳሰሰችኝ፣ እፎይ እንዳለች እጇ ላይ ታወቀኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ቃሌ ከአዛውንቶቹ ጋር መንገድ ገብቶ ሲሄድ እያየሁ ቀረሁ። እውነት ተናግሬያለሁ። ታዲያ ለምን የሰው ዕቃ የሰረቅሁ ያህል አፈርኩ?

*

ሞቲ ሰኞም ማክሰኞም አልደወለም። ረቡዕ ዕለት መሳቢያዬን ስከፍት ፍላሹ ቁጭ ብሏል። ልደልዘው ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት፤ ተናድጄ ነው፣ ናፍቄም ነው፣ የቱ እንደበለጠ እንጃ።

ወንጪን ከፈትኩ፣ እኔ ሳልነካው የነበረውን። አራቱ ፈረንጆች ይስቃሉ። ግርጌው ላይ ያ የማማርረው ጥላ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ሳይሆን እንደ ሰው አየሁት። ሁለት ክርኖች ወደ ጎን ወጥተዋል፣ ስልክ ይዞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ክርን። ከክርኖቹ በላይ ክብ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ በአንድ በኩል ትንሽ የተቀደደ ባርኔጣ።

ያንን የተቀደደ ጠርዝ አውቀዋለሁ። ለሦስት ወር ጭኑ ላይ ተቀምጦ ሳየው ኖሬያለሁ።

ዳሎልን ከፈትኩ። ቢጫው ጨው ላይ ያው ባርኔጣ። የሰሜን ተራሮች ላይ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፣ ጥላው ረዝሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እግር ድረስ ደርሷል፤ ያው ባርኔጣ። ጢስ ዓባይ፣ ጥያ ትክል ድንጋይ፣ ያው። «ስልኩማ እኔ እጅ ነበር» ብሎኝ ነበር። ደንበኛ ሁሉ ስልኬ ተዘግቶ ነው ሲለኝ ያመንኩ መስዬ፣ እውነቱን በነገረኝ በአንዱ ላይ ሳቅኩ። እሱ በሄደበት ሁሉ የሌላ ሰው ስልክ ተቀብሎ «ተጠጉ፣ ፈገግ በሉ» ሲል የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ እዚያ የነበረውን ሞቲ በማውዝ እየጠረግሁ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት የቆመውን ሞቲ ስለጥፍ ከርሜያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ደወልኩለት፣ ዘግቶታል። ፎቶዎቹን አትሜ አባቴ ሱቅ ገባሁ። አንዲት ሴት ሻሽ እያስለካች ነበር፤ እስክትወጣ ቆምኩ።

«አባባ፣ ተሳስቻለሁ። ሞቲ እዚያ ነበር። እየው፣ ይሄ የእሱ ባርኔጣ ነው።»

መነጽሩን አድርጎ ሁሉንም በየተራ አየ። ሜትሩን ጠቀለለና «ሽማግሌ የመለስኩት በአንቺ ቃል ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ቃልን የሚያነሳው ያስቀመጠው ነው። እኔ ዘንድ መጥተሽ አይነሳም። እነዚያ ቆመው የሄዱ ሰዎች ፊት ነው የሚነሳው።»

ተቆጥቶኛል እንዳልል ድምፁ ለስላሳ ነው። ፈቅዶልኛል እንዳልል ሌላ ቃል አልጨመረም። ከሱቁ ስወጣ እግሬ ወደየት እንደሚሄድ ከእኔ በፊት ያወቀ ይመስል ነበር፤ እኔ ግን ግራ እንደገባኝ ነበርኩ።

*

ሐሙስ በማለዳ ተነስቼ ቡራዩ ሄድኩ። ሞቲ አንድ ቀን «ከገፈርሳ ግድብ ማዶ፣ ሰማያዊ በር» ብሎኝ ነበር። የከፈቱልኝ እናቱ አደ ገለቴ ናቸው፤ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ያሰሩ፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ የጀመራቸው ሴት።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝና ፊቴን ተጠግተው አዩት። «የፎቶ ቤቷ ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ» አልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ኮቱ፣ ግቢ። ልጄን አገሩ ውስጥ ያስገባሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ግድግዳቸው ላይ አሥሩም ፎቶ ተሰቅሏል፣ ከአልበሙ ተመልሰው። ዘጠኝ ዓመት ፈረንጅ ይዞ ዞረ፣ አሉኝ። ክረምት እንግዳ ስለማይኖር የአጎቱን ሚኒባስ ይይዛል። በመጣ ቁጥር እንግዶቹ የላኩለትን ፎቶ በስልኩ ያሳያቸዋል፤ ፏፏቴ፣ ዋሻ፣ ሰው። «አንተስ የት ነህ?» ይሉታል። «እኔማ አንሺው ነኝ» ይላቸዋል።

«ዓይኔ ሳይጠፋ እዚያ ቆመህ ልይህ አልኩት። ለአማኑ አልበሙን የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ሞቲ አያውቅም። ኮራሁበት፣ ልጄ።»

ከእኔና ከእሳቸው ማን እንዳጠፋ ጠፋብኝ። እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ቀስ ብለው ተነሱና ከምስማር ላይ ባርኔጣውን አወረዱ።

«እሁድ ማታ ሰቀለው፣ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ዛሬ ሱሉልታ ነው፣ እንግዶቹ እዚያ አድረዋል። ወደ ሙገር ሸለቆ፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያ ወደ ባሌ ይሄዳል። አሥራ ስምንት ቀን። ፀሐይ ነው፣ አድርሺለት።»

ሦስት ታክሲ ቀያየርኩ። ባርኔጣውን ማንም እንዳይቀመጥበት ደረቴ ላይ ይዤ ነበር፤ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «የባልሽ ነው?» ሲሉኝ ይበልጥ አቀፍኩት። ቢደርስብኝ ምን እላለሁ፣ ቢያመልጠኝስ ምን እሆናለሁ እያልኩ ልቤ ከታክሲው ቀድሞ ይሮጥ ነበር።

*

ሱሉልታ ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ሆኗል። ነጭ ላንድክሩዘር መንገዱ ዳር ቆሟል፣ ሁለት ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት አበባው መሐል ቆመዋል። ሞቲ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ የሰውየውን ስልክ ይዞ በእጁ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላቸዋል። ባዶ ራሱን ነው። ጥላው ሣሩ ላይ ባርኔጣ የለውም።

ስልኩን መልሶ ዘወር ሲል አየኝ። ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ባርኔጣህን ረሳኸው» አልኩት።

«አልረሳሁትም።»

«ጥላህን አገኘሁት፣ ሞቲ። ፎቶዎቹ ላይ። አሥሩንም አየሁ... ለምን አልነገርከኝም?»

«ሥራዬ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እየሳቅክ ነው ያልከው።»

«አንቺን እያየሁ ሌላ መልክ አላውቅም፣ ያኔት። የመጀመሪያው ፎቶ ለእናቴ ነበር። ዘጠኙ አንቺ ዘንድ ለመምጣት ነው። ግድግዳሽ ፊት ያለ ምክንያት መቆም አፈርኩ። ውሸት ከሆነ እንግዲህ በአንቺ እጅ ነው የዋሸሁት። ኦቦ አማኑ ከሰበታ እስከ ተፍኪ አንድ ቃል አልተናገሩም አሉ። አጎቴ ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።»

«ቅዳሜ ተፍኪ እሄዳለሁ» አልኩት። «ኦቦ አማኑ ደጅ ቆሜ ቃሌን አነሳለሁ። ተቀመጪ ቢሉኝም ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም። ቃልን የሚያነሳው ያስቀመጠው ነው፣ አባባ ነው ያለኝ።»

«ሴት ልጅ ብቻዋን ሽማግሌ ሆና?»

«ያበላሸሁት ብቻዬን ነው።»

ይቅር ብሎኛል? አላለም። ባርኔጣውን ከእጄ ተቀበለና የእሱ ራስ ላይ ያደርገዋል ስል እኔ ራስ ላይ አደረገው። «ፀሐይ መታሽ» አለ።

ስልኬን አወጣሁ። «ቁም።»

«የት?»

«እዚያ፣ አበባው ጋ።»

ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲያስቆም የኖረ ሰው መቆም ጠፋበት። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ደረቱ ላይ አጣጠፈ፣ ተወው። ነጩ ግድግዳ ፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። «ምን ላድርገው፣ እጄን?» ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ምንም አታድርገው፣ እዚህ ነህ» አልኩት። አነሳሁት። ላንድክሩዘሩ የሙገርን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ባርኔጣውን እንዳደረግሁ ቆሜ ቀረሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ነገ ኦቦ አማኑ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፣ አባባም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል አላውቅም። ፎቶውን ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩት። ሞቲ አበባው መሐል ቆሟል፣ እጁ ግራ ገብቶታል። ግርጌው ላይ ሁለት ክርን ያወጣ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ጥላ ተጋድሞ ጫፉ የእሱ ጫማ ላይ ደርሷል። የእኔ ጥላ ነው። ልማድ ነውና ማውዙን ይዤ ወደ ግርጌው ወረድኩ፣ ከዚያ እጄን አነሳሁ።

ሁለት ኮፒ አተምኩ። አንዱ ለአደ ገለቴ ግድግዳ ነው። በሌላው ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ «ሞቲ፣ አሮጌ ጫማ አዘጋጅቻለሁ።»